የጣውላው መድኃኒት ቪቴውን ሲበላ

በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ቤት የገዙ ብዙ ወገኖቻችን ከጓሮ በኩል የእንጨት ዴክ አላቸው። ዴክ ሲሠራ ወይም ሲታደስ ሁሉም የሚጨነቀው ለጣውላው ነው፤ ቪቴው እጅ የገባው ይገዛል። ብዙ ጊዜ ግን ቀድሞ የሚያልቀው ቪቴው ነው፤ የሚጨርሰውም ዝናብ ብቻ አይደለም።

ለደጅ ሥራ የሚሸጠው አረንጓዴ መሳይ ጣውላ ፈንገስና ምስጥ እንዳይበላው በከፍተኛ ግፊት መድኃኒት የጠጣ ነው። በአሜሪካ እስከ እ.ኤ.አ. 2003 መጨረሻ ድረስ ይህ መድኃኒት በአብዛኛው የክሮሚየም፣ የመዳብና የአርሴኒክ ውህድ ነበር። አርሴኒክ መርዝ ነውና ለመኖሪያ ቤት መዋሉ ሲቀር፣ የተተኩት ውህዶች መዳብ የበዛባቸው ሆኑ።

ጣውላው ሲረጥብ ከመዳቡ ጥቂቱ ይሟሟና ቪቴው ጋ ይደርሳል። መዳብ ኤሌክትሮኖቹን ከብረትም ከዚንክም አጥብቆ ይይዛል። ስለዚህ የሟሟው መዳብ ከቪቴው ኤሌክትሮን እየነጠቀ ላዩ ላይ ይለጠፋል፤ በፋንታው መጀመሪያ ዚንኩ፣ ቀጥሎ ብረቱ እየሟሟ ይሄዳል። ይህ ሁሉ የሚሆነው እንጨቱ ውስጥ ስለሆነ፣ ጭንቅላቱ ደህና የሚመስል ቪቴ ሲነቀል አንገቱ መርፌ አክሎ ሊገኝ ይችላል።

በኤሌክትሪክ የተለበጠ የሚያብረቀርቅ ቪቴ የዚንክ ልባሱ ጥቂት ማይክሮን ብቻ ስለሆነ ለዴክ አይበቃም። በቀለጠ ዚንክ ውስጥ የተነከረው ግን 40 ማይክሮንና ከዚያ በላይ ይለብሳል። ጥቁሩ የጂብሰም ቦርድ ቪቴ ደግሞ ጨርሶ አይታሰብም፦ ይዝጋል፤ ደረቅ ብረት ስለሆነም ጣውላው በእርጥበት ሲሰፋና በፀሐይ ሲኮማተር ቀጭ ብሎ ይሰበራል።

ስቴንለስ ስቲል የሚድነው በሌላ መንገድ ነው። በውስጡ ያለው ክሮሚየም፣ ቢያንስ 10.5 በመቶ፣ ከአየር ኦክስጅን ጋር ተዋህዶ በዓይን የማይታይ ስስ ሽፋን ይሠራል፤ ሽፋኑ ቢጫርም ራሱን ይጠግናል። ይህን ሽፋን የሚበሳው ጨው ነው። ከባሕር ለራቀ ቤት 304 ወይም 305 የሚል ይበቃል፤ ለባሕር ዳርቻ ሞሊብዲነም የተጨመረበት 316 ይሻላል። ስቴንለስ ለስላሳ ስለሆነ ከመታሰሩ በፊት፣ በተለይ በጣውላው ጫፍ፣ በትራፓኖ መብሳት ያስፈልጋል።

ጣውላው ሴዳር ከሆነ መድኃኒት ባይጠጣም ስቴንለስ ይመረጣል፤ የእንጨቱ ታኒን ከብረት ጋር ሲገናኝ በየቪቴው ዙሪያ ጥቁር እድፍ ይተዋልና።

ርዝመቱን በተመለከተ፣ 2.5 ሳንቲሜትር ውፍረት ላለው ጣውላ 6.5 ሳንቲሜትር ገደማ ቪቴ ከሥር ያለውን ተሸካሚ እንጨት በሚገባ ይነክሳል። ተሸካሚዎቹን የሚይዙት የብረት ማንጠልጠያዎች ግን በዴክ ቪቴ አይታሰሩም፤ ለእነሱ የተሠራ ምስማር ወይም ቪቴ አለ። ማንጠልጠያው ዚንክ የለበሰ ከሆነ ማሰሪያውም ዚንክ የለበሰ፣ ስቴንለስ ከሆነም ስቴንለስ ይሁን፤ ሁለቱ በእርጥበት ከተነካኩ የሚበላው ዚንኩ ነው።