ጫጫ ላይ ያጨሰ መጋዝ ሸዋ ሮቢት ላይ ነከሰ!

ከወደ ጫጫ የደረሰንን ደብዳቤ የከፈትነው እንደተለመደው የፍቅር ጥያቄ መስሎን ነበር። ፍቅርስ አለበት። ነገሩን ያበላሸችው ግን አንዲት ትንሽ ቪቴ ናት።

ልጁ ሽማግሌ ልኮ እሺ ተብሏል። የእጮኛው ታላቅ ወንድም ደግሞ ባሕር ዛፍ እየቆረጠ የሚተዳደርበት ቼንሶ፣ ማለት የሞተር መጋዝ አለው። «ወንድም ጋሼ አምኖ አዋሰኝ» ይላል። «ጫጫ ላይ ያጨሳል፣ እንጨት ውስጥ ሲገባም ጉልበት የለውም። ካቻቪቴ አንስቼ ቪቴውን ሳጠብቀው እንደ ንብ ጮኸ። ደስ አለኝ። በሳምንቱ ሸዋ ሮቢት ሥራ ተገኘና ይዤው ወረድኩ። ግማሽ ቀን ሳይሠራ ቀጥ አለ፤ ገመዱም አልሳብ አለኝ። አሁን ምን ብዬ ልንገረው? እሷስ ምን ትለኛለች?»

አይ ወንድማችን! እስቲ መጀመሪያ ጥፋቱ የቱ ጋ እንደሆነ እንይ፤ ወንድምየው መጠየቁ አይቀርምና።

ጫጫ ከአዲስ አበባ ወደ ደብረ ብርሃን በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች፣ ከፍታዋ ከ2,700 ሜትር የሚያልፍ ብርዳም ከተማ ናት። (በነገራችን ላይ ባሕር ዛፍ አገራችን የገባው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ነው፤ እሳቸውም በ1836 ዓ.ም. የተወለዱት እዚያው ጫጫ አጠገብ፣ አንጎለላ ነው።) እዚያ ላይ አየሩ በባሕር ወለል ካለው ከአራት አንድ እጁ ገደማ የሳሳ ነው። ካርቡራቶሩ ግን ይህን አያውቅም፤ ቆላ ከተስተካከለ ደጋም ወጥቶ ቤንዚኑን ያፈሰዋል። ስለዚህ ማርሚታው ያጨሳል፣ ካንዴላው ይጠቁራል። ቪቴውን ትንሽ ማጥበቅ ታዲያ ትክክል ነበር። እስኪጮኽ ማጥበቁ ግን አንድ ጥፋት፣ ጣርማበርን አልፎ ሲወርድ መልሶ አለማላላቱ ሌላ ጥፋት። ሸዋ ሮቢት 1,300 ሜትር ገደማ ነው፤ አየሩ ወፍራም። ብዙ አየር፣ ትንሽ ቤንዚን!

ቱስትሮክ ሞተር ደግሞ እንደ መኪና ለብቻው የሚቀመጥ ዘይት የለውም። ዘይቱ ከቤንዚኑ ጋር ተደባልቆ ነው የሚገባው። ቤንዚኑ ሲያንስ ዘይቱም ያንሳል፣ ሙቀቱ ይጨምራል፣ ፒስተኑ ተፍቆ ከሲሊንደሩ ጋር ይጣበቃል። ልጁን ደስ ያሰኘው ጩኸት የጥማት ጩኸት ነበር።

እንግዲህ ቼንሶ ያላችሁ ስሙ። በቅድሚያ የአየር ማጣሪያውን አጽዱ፤ የታፈነ ማጣሪያ ሰው ያሳስታል። ድብልቁ መመሪያው እንደሚለው ይሁን፤ 50 ለ 1 ከሆነ ለአንድ ሊትር ቤንዚን 20 ሚሊ ሊትር ዘይት፣ 25 ለ 1 ከሆነ 40። ሞተሩን አሙቁት። «ኤል» የተባለችውን ቪቴ እያዞራችሁ ሚኒሞው ከፍ የሚልበትን ቦታ ፈልጉ፤ ከዚያ ወደ ግራ ሩብ ዙር ያህል አላሉ። ቤንዚን ሲሰጡት ሳያንገራግር መነሣት አለበት። «ቲ» ወይም «ኤል ኤ» የምትለዋ ሚኒሞ መያዣ ናት፤ ቤንዚን ሳይሰጡት ሰንሰለቱ ከዞረ ቀንሱ፣ እግር ይቆርጣል!

ጉደኛዋ «ኤች» ናት። ሙሉ ቤንዚን ሰጥታችሁ በባዶው ስታዳምጡ ድምፁ ትንሽ መንተባተብ፣ እንጨት ውስጥ ሲገባ ጥርት ማለት አለበት። በባዶው ጥርት ብሎ ከጮኸ ጠብቋልና ወዲያው ወደ ግራ! ስታዞሩም በጥቂት በጥቂቱ፤ በባዶውም ረጅም ጊዜ አታስጩኹት። ቆላ ስትወርዱ ሥራ ከመጀመራችሁ በፊት አላሉና እንደገና አዳምጡ። (አንዳንድ የስቲልና የሁስክቫርና መጋዞች በኤሌክትሮኒክ ራሳቸውን ያስተካክላሉ፤ እነሱን አትነካኩ።)

አንተ ደግሞ ወንድማችን፣ ወሬው ሳይቀድምህ ፍጠን። ማርሚታውን አስፈትተህ በቀዳዳው ፒስተኑን እየው። የተጫረው ፒስተኑ ብቻ ከሆነ ፒስተንና ቀለበት ይበቃሃል፤ ሲሊንደሩም ከተፋቀ ወጪው ከበድ ይላል። ዋጋውን አጣርተህ፣ ከቻልክም ገንዘቡን ይዘህ ወንድም ጋሼ ፊት ራስህ ቁም። ለእጮኛህ ቀድመህ ንገራት፤ መልእክተኛ ግን አታድርጋት፣ በወንድሟና በአንተ መካከል ምን ብላ ትቁም? አዲሱ ፒስተን ከገባ በኋላ ካቻቪቴውን ማን እንደሚይዝ ደግሞ ወንድም ጋሼ ይወስን።