በአይ3 ላይ የሚንሳፈፉ መስኮቶችን እንዴት እንያዝ?



አንድ ምሽት ለማግስቱ ደርስ የሚሆን ትርጉም እየጻፍን ነበር። "አስቀምጥ" የሚለውን ተጫንንና ወዲያው ወደ ዐረብኛው ኪታብ ተመልሰን ስክሪኑን በሙሉ እንዲይዝ አደረግነው። ማሽናችን ዘገምተኛ ነው። የመጻፊያው ፕሮግራም "በየትኛው የፋይል ዓይነት ላስቀምጥ?" ብሎ የጠየቀበት ትንሽ መስኮት የመጣው ኪታቡ ስክሪኑን ከያዘ በኋላ ስለነበር ከሥር ተደብቆ ቀረ። እኛ ግን ተቀምጧል ብለን ንባባችንን ቀጠልን። መብራት ጠፋ፤ የላፕቶፑ ባትሪ ድሮ የሞተ ነው። ከሦስት ገጽ በላይ ጽሑፍ አብሮ ሄደ።

ጥፋቱ የኛው ነው፤ የምንጠቀምበትን መሣሪያ በቅጡ አላወቅነውም ነበር። መሣሪያው አይ3 ይባላል። ሚካኤል ስታፔልበርግ የጀመረውና በ2009 እ.ኤ.አ. ለመጀመሪያ ጊዜ የወጣ ነፃ የሊኑክስ ፕሮግራም ሲሆን፣ ሥራው መስኮቶችን ማስተዳደር ነው። የሚከፈቱትን መስኮቶች እንደ መስጂድ ምንጣፍ ጎን ለጎን ያነጥፋቸዋል፤ አንዱ ሌላውን አይሸፍንም። ኪታቡ በቀኝ፣ አማርኛው በግራ ሆኖ ሁለቱን እኩል እያዩ ለመተርጎም እንዲህ የሚመች አላገኘንም። ለአሮጌ ማሽንም ቀላል ነው።

ሁሉም መስኮት ግን ምንጣፍ አይሆንም። የይለፍ ቃል የሚጠይቅ ትንሽ ሳጥን ወይም ካልኩሌተር ግማሽ ስክሪን ቢይዝ ኪታባችን ይጠባል። እንዲህ ያሉት ከምንጣፉ በላይ መንሳፈፍ አለባቸው። አይ3 ብዙዎቹን ራሱ ይለያል። መስኮቱ ሲከፈት "እኔ የጥያቄ ሳጥን ነኝ" ወይም "የዚያኛው መስኮት ተከታይ ነኝ" ካለ፣ መጠኑ የማይለወጥ ከሆነም፣ እንዲንሳፈፍ ያደርገዋል። ችግሩ ምንም ሳይሉ የሚከፈቱት ላይ ነው።

እነዚህን በእጅ እናንሳፍፋለን። አይ3 ሲጀመር "ሞድ" የሚባል አንድ ቁልፍ ያስመርጠናል፤ የዊንዶውስ ምልክት ያለበት ወይም ኦልት። ሞድ፣ ሺፍትና ስፔስን አንድ ላይ ስንጫን መስኮቱ ይንሳፈፋል፤ ደግመን ስንጫን ወደ ቦታው ይመለሳል። ሞድን ይዘን በማውሱ ግራ ቁልፍ ስንጎትተው ይንቀሳቀሳል፣ በቀኙ ስንጎትተው መጠኑ ይለወጣል። ጀማሪዎች የሚዘነጉት አንድ ነገር አለ፤ ሞድና ስፔስ ብቻ ሲጫኑ ትኩረቱ ከሚንሳፈፈው ወደ ተነጠፈው፣ ከተነጠፈውም ወደሚንሳፈፈው ይሻገራል። ይህን ሳናውቅ ስንት ጊዜ ዐረብኛውን የተሳሳተ መስኮት ላይ ጽፈናል!

በየቀኑ በእጅ ማንሳፈፍ ግን ያሰለቻል። ስለዚህ በማስተካከያ ፋይሉ ላይ ደንብ እንጽፋለን። መጀመሪያ የመስኮቱን መጠሪያ ማወቅ ያስፈልጋል። ተርሚናል ላይ ኤክስፕሮፕ የሚባለውን ትእዛዝ አስነስተን መስኮቱን ጠቅ ስናደርግ ከሚዘረዘሩት መስመሮች አንዱ ክላስ የሚል ነው፤ እዚያ ካሉት ሁለት ቃላት የምንፈልገው ሁለተኛውን ነው። ትልቅና ትንሽ ፊደሉ ሳይዛነፍ መገልበጥ አለበት፤ ብዙ ሰው "ደንቡ አልሠራም" የሚለው እዚህ ላይ ስቶ ነው። ከዚያ "ፎር ዊንዶው" በሚለው ትእዛዝ ይህ ክላስ ያለው መስኮት እንዲንሳፈፍ እናዛለን። ሞድ፣ ሺፍትና ሲ ፋይሉን ዳግም ያስነብባሉ፤ ቀድሞ ተከፍቶ የነበረውን መስኮት ግን ዘግተን መክፈት ይኖርብናል። ስዌይ የተባለውን የምትጠቀሙ ደንቡ ተመሳሳይ ነው፤ ለዌይላንድ ፕሮግራሞች ግን በክላስ ፋንታ አፕ አይዲ ይገባል።

ወደዚያ ምሽት እንመለስ። አይ3 "ፖፕአፕ ዱሪንግ ፉልስክሪን" የሚል ትእዛዝ አለው። ካልነካነው "ስማርት" በሚለው ላይ ነው የሚገኘው፤ ማለትም ስክሪኑን ከያዘው ፕሮግራም የመጣ ጥያቄ ይታያል፣ ከሌላ ፕሮግራም የመጣው ግን ከሥር ይቀራል። ፊልም ለሚያይ ሰው ጥሩ ነው፤ ለኛ ግን ሦስት ገጽ አስከፍሎናል። አሁን "ሊቭ ፉልስክሪን" ወደሚለው ቀይረነዋል፤ የጥያቄ ሳጥን ሲመጣ ኪታቡ ሙሉ ስክሪኑን ይለቅና ጥያቄው ፊታችን ይቀመጣል። ንባብ ያቋርጣል፣ እውነት ነው። እንዲያቋርጠንም ነው የፈለግነው።

በመጨረሻ ስለ መዝገበ ቃላቱ። እንዲንሳፈፍ አድርጎ ሁልጊዜ ክፍት መተው ኪታቡን ይሸፍናል፤ በየቃሉ መክፈትና መዝጋትም ያደክማል። ለዚህ ስክራችፓድ የሚባል መደበቂያ አለ። ሞድ፣ ሺፍትና የሰረዝ ቁልፉ መስኮቱን ወደዚያ ይልኩታል። ከዚያ በኋላ ሞድና ሰረዝ ስንጫን በየትኛውም የሥራ ገጽ ላይ ብንሆን ተንሳፍፎ ይመጣል፤ ቃሉን አይተን ደግመን ስንጫን ይሰወራል።