ነባሪ ደንብ ወይስ ግዴታ፦ ቨርቹዋልና አብስትራክት ሜተድ በብዙ ቋንቋ ፕሮግራም

በጅቡቲ ከተማ ፈረንሳይኛና ዐረብኛ የመንግሥት ሥራ ቋንቋዎች ሲሆኑ፣ ሶማሊኛና አፋርኛ የብዙው ነዋሪ አፍ መፍቻ ናቸው፤ አማርኛም በከተማዋ ይሰማል። ሶማሊኛን፣ አፋርኛንና አማርኛን በአንድነት የሚያስተናግድ የስም እርባታ ፕሮግራም የሚነድፍ ባለሙያ አስቀድሞ አንድ ጥያቄ ይገጥመዋል፤ «ስም» የተሰኘው የጋራ ክላስ የትኛውን ደንብ ራሱ ይወስን? የትኛውንስ ለየቋንቋው ክላስ ይተው?

ቨርቹዋል ሜተድ ነባሪ ደንብ ይዞ ይወረሳል፤ ወራሹ ክላስ ሊሽረው ወይም እንዳለ ሊቀበለው ይችላል። አብስትራክት ሜተድ ግን ስምና ቅርጽ እንጂ ይዘት የለውም፤ ይዘቱን መስጠት የወራሹ ግዴታ ነው። አብስትራክት ክላስ ደግሞ በቀጥታ ኦብጀክት የማይፈጠርበት ክላስ ሲሆን፣ ሁለቱንም ዓይነት ሜተድ መያዝ ይችላል። ስለዚህ ምርጫው ለክላሱ በጅምላ ሳይሆን ለእያንዳንዱ ሜተድ ለየብቻ የሚደረግ ነው።

ለዚህ «አፍ» የሚለው ቃል ጥሩ ምሳሌ ነው። ቃሉ በሦስቱም ቋንቋዎች ይገኛል፤ በሁለቱ ኩሻዊ ቋንቋዎች «ቋንቋ» ማለትም ነው። ብዙ ቁጥሩ ግን በአማርኛ «አፎች»፣ በሶማሊኛ «አፋፍ» ይሆናል። «አብዛ» የተባለው ሜተድ ቨርቹዋል ሆኖ ነባሪ ደንቡ የአማርኛው «ኦች» ቢሆንና የሶማሊኛው ክላስ ጸሐፊ መሻሩን ቢዘነጋ፣ ፕሮግራሙ ያለ አንዳች ማስጠንቀቂያ «አፎች»ን የሶማሊኛ ቃል አድርጎ ይመዘግባል። ቅርጹ አንዴ መዝገበ ቃላት ውስጥ ከገባ፣ ቋንቋውን የማያውቅ አንባቢ ስሕተትነቱን የሚለይበት ምልክት የለውም። «አብዛ» አብስትራክት ቢሆን ግን፣ በሲ ሻርፕ ኮምፓይለሩ፣ በፓይተን ደግሞ ኦብጀክት የመፍጠሩ ሙከራ ጉድለቱን ያጋልጣል።

ነባሪ ደንብ የሚገባበትም ቦታ አለ። በላቲን ፊደል ለሚጻፉት ሶማሊኛና አፋርኛ የተጻፉ ቃላትን በክፍት ቦታ መለየት ይበቃል፤ የአማርኛው ክላስ ብቻ የቀደሙ ጽሑፎችን ሁለት ነጥብ ለማካተት ይሽረዋል። በሶማሊኛ ክላስ ውስጥም «ናግ» (ሴት) «ናጎ» እንደሚባል፣ የ«ኦ» ቅጥያ ነባሪ ሊሆን ይችላል፤ እንደ «አፍ» ያሉ ባለ አንድ ቀለም ተባዕታይ ስሞች የመጨረሻ ተነባቢያቸውን የሚደግም የራሳቸውን ደንብ ይዘው ይሽሩታል።

አጠቃላይ ደንብንና ልዩ ደንብን ማደራጀት ከፓኒኒ ሰዋስው ጀምሮ የታወቀ የቋንቋ ጥናት ሥራ ነው። ነባሪ ደንብም የፕሮግራም ምቾት ብቻ አይደለም፤ ምንም ያልተባለለት ቋንቋ ይህን ደንብ ይከተላል የሚል የሥነ ልሳን ድምዳሜ ነው። ድምዳሜው በማስረጃ ሲደገፍ ቨርቹዋል ሜተድ ይመረጣል፤ ካልተደገፈ ሜተዱ አብስትራክት ሆኖ የየቋንቋውን መልስ ይጠብቅ።