ሱቅ ወይስ ዲግሪ? የሶማሌ ተራ ሒሳብ

የመኪና መለዋወጫ ስለምሸጥ በውስጥ መስመር በብዛት የሚመጣልኝ ጥያቄ የቪትዝ ፍሬን ሸራ ዋጋ ይመስላችሁ ይሆናል። አይደለም። «የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤት መጥቶልኛል፤ አጎቴ ግን ሱቅ ግባ ይለኛል፤ ምን ትመክረኛለህ?» የሚለው ይበልጣል። ለእያንዳንዱ ለየብቻ ከመመለስ አንዴ ልጻፈው ብዬ ነው።

ሰፈሩን ለማታውቁት፣ ሶማሌ ተራ መርካቶ ውስጥ የመኪና መለዋወጫ የሚሸጥበት ነው። አዲስ አበባ ላይ ስፖኪዮው የተሰረቀበት ሰው «ሶማሌ ተራ ሄደህ መልሰህ ግዛው» ይባላል። ቀልዱ ሰልችቶናል፣ ግን ለምደነዋል። እዚህ ዲግሪ ብዙም አይፈራም። አካውንቲንግ ተመርቄ ባንኮኒ ጀርባ ስቆም የተቀበሉኝ «የዲግሪ ቴምፖህን አምጣው፣ ካንዴላ እንጠቅልልበት» ብለው ነው። የተማረ ሰው ሲያዩ መሳቅ ይወዳሉ፤ ሒሳብ ሲጣላባቸው ግን ወዴት እንደሚመጡ እኔ አውቃለሁ።

ዋጋውን እናስላ። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ነፃ የሚመስላቸው አሁንም አሉ። በ1995 ዓ.ም. የወጣው ደንብ ቁጥር 91 ተማሪው የምግቡንና የመኝታውን ሙሉ ወጪ፣ ከትምህርቱ ወጪ ደግሞ ቢያንስ 15 በመቶውን ከተመረቀ በኋላ እንዲከፍል አድርጓል። ኮስት ሼሪንግ የምንለው ይኼ ነው። ለአንድ ተማሪ በቀን የሚያዘው የምግብ በጀት ለዓመታት ጥቂት ብር ነበር፤ በ2017 ከ22 ብር ወደ 100 ብር አድጓል። አሥር ወር ግቢ ውስጥ ለሚበላ ልጅ ምግቡ ብቻ በዓመት 30 ሺህ ብር ነው ማለት ነው። ሥራ ስትይዝ ቢያንስ የገቢህን 10 በመቶ እየቆረጡ ያስመልሱታል።

ደመወዙስ? በ2018 መጀመሪያ በተደረገው ማሻሻያ የመጀመሪያ ዲግሪ ይዞ መንግሥት ቤት የሚቀጠር ሰው መነሻው ከ9,056 ወደ 11,500 ብር ከፍ ብሏል። ግብርና ጡረታ ሲነሳለት እጁ ላይ የሚቀረው 8,600 ገደማ ነው። ኮስት ሼሪንጉ ሲቆረጥ ደግሞ ወደ 7,450 ይወርዳል። ከዚያ ላይ የቤት ኪራይ ቀንሱ።

እዚህ ላይ የሶማሌ ተራ ልጅ ይስቃል። አንድ ሁለት ያገለገለ ሞተር አሻሽጦ የሚቀበለው ኮሚሽን ከዚህ ሊበልጥ ይችላል። እውነቱን ነው። ግን የሱን ሒሳብ ማንም ጨርሶ አይሠራለትም።

ያ ልጅ ኮሚሽን ከመብላቱ በፊት ሱቅ ጠርጓል፣ ሻይ አመላልሷል፣ ካምቢዮ በትከሻው ተሸክሟል። አብዛኛውን ጊዜ በምሳና በኪስ ገንዘብ ነው የሠራው። በዚያ መሐል ተምሯል፤ ትምህርቱም ቀላል አይደለም። «የቪትዝ ሞተር አለ?» ስትለው «ዋን ኤስዜድ ነው ዋን ኬአር?» ብሎ ይመልስልሃል። አንደኛው ባለ አራት ፒስተን፣ ሌላው ባለ ሦስት ነው፤ ሳትለይ ከገዛህ ገንዘብህ ቀለጠ። ኩሽኔቱን በጣቱ አሽከርክሮ ድምፁን ሰምቶ ይመልሰዋል፤ ኦሪጅናል ተብሎ የመጣውን ካርቶን አገላብጦ አይቶ ዝም ይላል። ይኼን ሁሉ የሚያውቅ ልጅ ያለ ደመወዝ ባለፉት ዓመታት ከፍሎበታል። ደግሞ የምናየው የወጣለትን ብቻ ነው። አብሮት የጀመረው፣ ዛሬም ጋሪ የሚገፋው ወይም ወደ አገሩ የተመለሰው፣ «ያለ ዲግሪ ሚሊየነር» የሚሉት ቪዲዮዎች ውስጥ የለም።

ከዕውቀቱ በላይ የሚከብደው ካፒታሉ ነው። ሱቅ ለመያዝ የቁልፍ ገንዘብ ይጠየቃል። ዕቃ ለመሙላት በዱቤ የሚሰጥህ አስመጪ ያስፈልግሃል፤ አስመጪው ደግሞ አባትህን ወይም አጎትህን ካላወቀ አይሰጥህም። እቁብም ቢሆን ዋስ ይፈልጋል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ እስከዚያ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በጥቂት ወራት ከመቶ ብር አለፈ። መጋዘኑ ሙሉ የነበረ ነጋዴ ተኝቶ አደረና ሀብታም ሆነ። አዲስ ገቢው ግን ያንኑ መደርደሪያ ለመሙላት እጥፍ ገንዘብ ፈለገ። ስለዚህ ሱቅ ያለው አጎት «ሱቅ ግባ» ሲልህ የሚሰጥህ ትልቅ ነገር ነው፤ አጎት የሌለው ጓደኛህ ግን ለአንተ የተሰጠውን ምክር ሰምቶ ትምህርቱን ቢተው ገደል ይገባል።

አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። «ዲግሪ ምን ያደርጋል» የሚሉት ነጋዴዎቻችን የራሳቸውን ልጆች ውድ የግል ትምህርት ቤት ነው የሚያስተምሩት። አንዳንዶቹም ልጃቸውን ውጭ አገር ልከዋል። እኔ ሰው በአፉ ከሚለው ይልቅ ገንዘቡን የሚያወጣበትን አምናለሁ።

በ2018 እ.ኤ.አ. የዓለም ባንክ ያወጣው ሰፊ ጥናት አንድ ተጨማሪ የትምህርት ዓመት ገቢን በአማካይ 9 በመቶ ገደማ እንደሚያሳድግ ያሳያል። አማካይ ግን በጣም ያታልላል፤ የት ተማርክ የሚለውን ይደብቃል። በ2015 ማብቂያ የመውጫ ፈተና በስፋት ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሰጥ ከ150 ሺህ ገደማ ተፈታኞች ያለፉት 40 በመቶ አካባቢ ነበሩ። ከመንግሥት ተቋማት 62 በመቶው አልፏል፤ ከግል ተቋማት 17 በመቶው ብቻ። ወላጅ እቁብ ሰብስቦ፣ ወርቅ ሸጦ፣ በየሴሚስተሩ ከፍሎ ካስተማራቸው ስድስት ልጆች አምስቱ ወደቁ ማለት ነው። ጥሩ የግል ኮሌጅ የለም አላልኩም። ከመክፈልህ በፊት ግን የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ለዚያ ለምትማረው ዘርፍ ፈቃድ ሰጥቶት እንደሆነ አረጋግጥ፤ ከዚያ የትምህርት ክፍሉ ባለፈው ፈተና ስንት አስፈትኖ ስንት እንዳሳለፈ ጠይቅ። ቁጥሩን ለመንገር የሚያንገራግር ኮሌጅ መልሱን ነግሮሃል።

ስለ ሴቶችም አንድ ነገር። ይኼ ሁሉ ወሬ የወንድ ልጅ ወሬ ነው። ጋራዡ የወንድ ነው፤ ሱቁንም አብዛኛውን ጊዜ ወንዱ ልጅ ነው የሚረከበው። «ሱቅ ወይስ ዲግሪ» ብላ የጻፈችልኝ ሴት የለችም፤ ሱቁን ያቀረበላት የለማ። ለእሷ ትምህርቱን የሚተካ ነገር ሳይኖር «ዲግሪ አያዋጣም» ማለት ቤት ተቀመጪ ማለት ነው።

አሁን ተራውን ራሱን የሚያንቀጠቅጠው ጉዳይ መጥቷል። ከጥር 2016 ጀምሮ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከልክሏል። የኤሌክትሪክ መኪና ካንዴላ የለውም፣ ፍሪሲዮን የለውም፣ ማርሚታ የለውም። ስፖኪዮና ፓራውልት አለው፤ እሱ ንግድ አይሞትም። አሮጌዎቹ ቪትዞችና ዶልፊኖችም ገና ብዙ ዓመት ይነዳሉ። ነገር ግን እኛ ሙያ የተማርነው ፈትተን እያየን ነው። ብዙ መቶ ቮልት ያለው ባትሪ ደግሞ ፈትተው እያዩ የሚማሩት ዕቃ አይደለም፤ አንድ ስህተት ሰው ይገድላል። ብልሽቱንም የሚነግርህ ኮምፒውተር ነው። ተራው እስከዛሬ ያለ ክፍል ሲያስተምር ኖሯል፤ ይኼን ግን ያለ ክፍል የሚያስተምር አይመስለኝም።

ስለዚህ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባ ውጤት ያመጣህ ግባ። በ2016 የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተናውን ያለፈው 5.4 በመቶ ብቻ ነበር፤ እንዲህ ያለ ዕድል በቀልድ አይጣልም። ምርጫ ካለህ ኤሌክትሪካል ወይም መካኒካል ምህንድስና ምረጥና ክረምት ክረምት እዚህ እየመጣህ ዕቃ ልመድ። ውጤት ያልመጣልህ ደግሞ ለማይታወቅ ኮሌጅ ገንዘብ ከምታፈስ ተግባረ ዕድ ወይም ዊንጌት ፖሊቴክኒክ ኮሌጅ ሄደህ ስለ አውቶሞቲቭና ኤሌክትሪክ ሥልጠና ጠይቅ። ሱቅ ያለው አጎት ካለህም የሥልጠናውን ወጪ እንዲሸፍን ለምነው፤ አምስት ዓመት ቆይቶ ባትሪ የሚያውቅ ልጅ የሚፈልገው እሱ ነው።