ሰምና ፖሊሽ፦ ለፋይበርግላስ ጀልባ የውጭ ገጽ እንክብካቤ የአመራረጥ መሠረት

መግቢያ

የፋይበርግላስ ጀልባ በፀሐይና በውሃ ላይ ዓመታትን ሲያሳልፍ አንጸባራቂ ገጹ እየደበዘዘ ይሄዳል። ለዚህ መፍትሔ የሚቀርቡት ፖሊሽና ሰም ጎን ለጎን ስለሚሸጡና ሁለቱም ገጹን ስለሚያበሩ፣ ብዙ ጊዜ አንዱ በሌላው ምትክ ጥቅም ላይ ይውላል። ይሁን እንጂ አሠራራቸው ተቃራኒ ነው፤ ፖሊሽ ከገጹ ይቀንሳል፣ ሰም በገጹ ላይ ይጨምራል። ስለሆነም የምርጫው መነሻ የምርቱ አብረቅራቂነት ሳይሆን የገጹ ይዞታ ሊሆን ይገባል።

የጄልኮት ባሕርይ

የጀልባው ቀለምና ውበት የሚገኘው ጄልኮት ከተባለው የውጭ ንብርብር ነው። ይህ ንብርብር ባብዛኛው ከፖሊስተር ሬዚንና ከማቅለሚያ የሚዘጋጅ ሲሆን፣ ውፍረቱ ወደ ግማሽ ሚሊ ሜትር ይጠጋል። ከሥሩ ያለውን በሬዚን የተያያዘ የመስታወት ክርም ከውሃና ከፀሐይ ይከላከላል። አልትራቫዮሌት ጨረር የሬዚኑን ሞለኪውላዊ ሰንሰለት ሲበጣጥስና ኦክስጅን ሲጨመርበት የላይኛው ገጽ ይሻክራል፤ ብርሃንም በሥርዓት መንጸባረቁ ቀርቶ ይበተናል። በጨርቅ ሲታሽ የሚለቀው ዱቄት የዚህ ጉዳት ምልክት ነው። የጨረሩ መጠን ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር በ10 በመቶ ገደማ ስለሚያድግ፣ 1,800 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ በሚገኘው በጣና ሐይቅ የሚሠራ ጀልባ ጥበቃው ይበልጥ ያስፈልገዋል።

የፖሊሽ ተግባርና ዋጋው

አብዛኛው ፖሊሽ ደቃቅ የሚፍቁ ቅንጣቶችን ይዟል፤ ኮምፓውንድ የሚባለው ደግሞ ከእርሱ የሻከረ ነው። ሁለቱም የተጎዳውን ሽፋን አንሥተው ከሥሩ ያለውን ጤነኛ ጄልኮት ያወጣሉ። የተፋቀው ግን አይተካም። ያለ በቂ ምክንያት በየወቅቱ የሚፈግ ጀልባ፣ በተለይ በጠርዞቹ በኩል፣ መከላከያውን ቀስ በቀስ ያጣል፤ ፍጻሜውም ውድ የሆነ የጥገና ወይም የቀለም ሥራ ይሆናል። ስለዚህ በትንሽ ስፍራ ላይ አስቀድሞ መሞከርና ከለስላሳው ፖሊሽ መጀመር ተገቢ ነው።

የሰም ዓይነቶች

ሰም ጉዳትን አይጠግንም፤ ያለውን ይዞታ በስስ ሽፋን ይጠብቃል። በኢትዮጵያ በስፋት የሚመረተው የንብ ሰም በ62 እና በ65 ዲግሪ ሴልሺየስ መካከል ስለሚቀልጥ፣ ፀሐይ ላይ በሚውል ጥቁር ገጽ ላይ ብቻውን ሲቀባ ይለሰልሳል፤ አቧራም ይይዛል። ከብራዚል ዘንባባ ቅጠል የሚገኘው ካርናውባ ከ80 ዲግሪ በላይ ስለሚቀልጥና ጠንካራ ስለሆነ የተሻለ ይቋቋማል። ሰው ሠራሽ የፖሊመር ሽፋኖች ባብዛኛው ከካርናውባም ይረዝማሉ፤ ሆኖም ንጹሕና በሚገባ የተዘጋጀ ገጽ ይፈልጋሉ።

የአመራረጥ ቅደም ተከተል

ጀልባው ታጥቦ ከደረቀ በኋላ በጥቁር ጨርቅ ይታሻል። ዱቄት ካልለቀቀና ገጹ የሚያበራ ከሆነ ሰም ብቻ ይበቃዋል። በመጠኑ ከደበዘዘ ለስላሳ ፖሊሽ፣ ቀጥሎም ሰም ይቀባል። ዱቄቱ ብዙ ከሆነ ኮምፓውንድ፣ ፖሊሽና ሰም በየተራ ይከተላሉ። በዱቄቱ ላይ በቀጥታ የሚቀባ ሰም ከሚረግፈው ገጽ ጋር አብሮ ይለቃል። ቀለም ሊቀባ በታሰበ ስፍራ ላይ ደግሞ ሰምም ሆነ ሲሊኮን ያለበት ምርት ቀለሙን እንዳይጣበቅ ስለሚያደርግ መወገድ አለበት።

ማጠቃለያ

ሰም በየጊዜው ሊታደስ ይችላል፤ ጄልኮት ግን በጥገና ካልሆነ በቀር አይታደስም። ሰምን በወቅቱ መቀባት የፖሊሽን አስፈላጊነት ስለሚያዘገይ፣ የጀልባውን ዕድሜ የሚያረዝመው ምርጫ ከገጹ ላይ ጥቂቱን ብቻ የሚወስደው ነው።