ስለ ርካሽ ጉዞ፦ ከወግዲ ደጋ እስከ ዓባይ ቆላ

በጥቂት ገንዘብ ረጅም መንገድ መሄድ ብዙ ተማሪዎችን የሚያጓጓ አሳብ ነው። በኤውሮፓ ወጣቶች ድንኳናቸውንና ማብሰያቸውን በሞተር ብስክሌት ጭነው፣ የጉዞ ድርጅት ሳይመራቸው ከአገር ወደ አገር ይዘዋወራሉ። የብሪታንያው ጋዜጠኛ ቴድ ሳይመን በ1973 እ.ኤ.አ. ከሎንዶን ተነሥቶ በ500 ሲሲ ትራያምፍ ዓለምን ሲዞር አገራችንንም አቋርጧል፤ ጉዞው አራት ዓመት ፈጅቶበታል። እኛ ግን በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው በገዛ ደጋችን የታወቀውን የመንገደኛ ሥርዓት ነው። ጥያቄያችንም፦ ጉዞ ረከሰ ሲባል ወጪው በእውነት ጠፋ ወይስ ወደ ሌላ ሰው ተዛወረ? የሚል ነው።

ወግዲ በደቡብ ወሎ ምዕራባዊ ክፍል የሚገኝ የመካነ ሰላም አካባቢ ጎረቤት ሲሆን፣ ዓባይ ከምሥራቅ ጎጃም ይለየዋል። ደጋው ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍ ይላል፤ የወንዙ ሸለቆ ግን ቆላ ነው። ስለዚህ መንገደኛው ለላይኛው ጋቢ፣ ለታችኛው ውሃና የወባ መከላከያ አጎበር ያስፈልገዋል።

ከሁሉ አስቀድሞ ስንቅ ይታሰባል። ዋነኞቹ በሶ፣ ቆሎና ዳቦ ቆሎ ናቸው። የበሶው ገብስ ተቆልቶ ስለሚፈጭ በመንገድ ላይ እሳት አይፈልግም፤ በውሃ ተበጥብጦ ይጠጣል ወይም ተለውሶ ይበላል። ደረቅ በመሆኑም ቶሎ አይበላሽም። ሌላም ጥቅም አለው። ወሎ ክርስቲያንና ሙስሊም ጎን ለጎን የሚኖሩበት አገር ነው፤ በልማድም አንዱ ያረደውን ሌላው አይበላም፤ ክርስቲያኑም ረቡዕና ዓርብ ይጾማል። በሶ ግን ሥጋ የለበትምና በሁለቱም ቤት ያለ ችግር ይቀርባል።

በቅሎ ሣር ግጣ ስታድር ሞተር ብስክሌት ቤንዚን ይጠይቃል። ከ125 እስከ 150 ሲሲ ያለው ሞተር በ100 ኪሎ ሜትር ከ2 እስከ 3 ሊትር ገደማ ይፈጃል። የነዳጅ ድጎማ ከ2014 ዓ.ም. ጀምሮ ደረጃ በደረጃ መቀነስ ስለ ጀመረም ይህ ወጪ ከብዷል። በከፍታ ላይ አየሩ ስለሚሳሳ ካርቡራተር ያለው ሞተር ቤንዚን ይበዛበትና ጉልበቱ ይደክማል። በቁልቁለት ደግሞ ፍሬን ብቻ እየያዙ መውረድ ፍሬኑን ያግለዋል፤ በዝቅተኛ ማርሽ ሞተሩ ራሱ እንዲይዝ ማድረግ ይሻላል።

አሁን ወደ ማደሪያው እንመጣለን። የመሸበት ሰው ከአጥር ውጭ ቆሞ «ቤቶች!» ይላል። «የእግዜር እንግዳ ነኝ፤ አሳድሩኝ» ሲልም «ቤት የእግዜር ነው» ይሉታል። እግሩ ይታጠባል፣ ከተገኘው ይቀርብለታል፤ ሲነጋ ሒሳብ አይጠየቅም። ይህን ያየ ሰው «ማደሪያው በነጻ ነው» ሊል ይችላል። ነገር ግን ሥርዓቱ የቆመው በብድር ነው፤ ዛሬ እንግዳ ያሳደረ ነገ እርሱ ራሱ በሌላው ደጅ ይቆማል። ከሩቅ የመጣ ተማሪ ግን ብድሩን የሚመልስበት ቤት በአካባቢው የለውም። ይልቁንም በክረምት፣ አሮጌው እህል አልቆ አዲሱ ሳይደርስ፣ ለእንግዳ የቀረበው እንጀራ ከልጆች ድርሻ የተቀነሰ ሊሆን ይችላል። ባለቤቲቱም ይህን አትናገርም።

በኤውሮፓም ነጻ የሚባለው ማደሪያ ወሰን አለው። በስዊድን ማንኛውም ሰው በሰው መሬት ላይ፣ ከቤት ርቆና ጉዳት ሳያደርስ፣ ለአንድ ሌሊት ድንኳን እንዲተክል ልማዱ ይፈቅድለታል፤ ሞተር ብስክሌቱን ግን ከመንገድ አውጥቶ በመሬቱ ላይ መንዳት ክልክል ነው። መብቱ የሚጸናው የባለ መሬቱ ጥቅም እስካልተነካ ድረስ ነው ማለት ነው።

እንግዲህ ለጥናት ወደ ገጠር የምንወርድ ተማሪዎች ርካሽ ጉዞን የምንለካው ከኪሳችን በወጣው ብቻ ሊሆን አይገባም። የራሳችንን ስንቅ ይዘን እንሂድ። ገንዘብ መስጠት አሳዳሪውን ሊያሳፍረው ስለሚችል ቡና፣ ስኳር ወይም ጨው ይዞ መግባት ይሻላል። ይህም ከጥናቱ ወጪ ጋር አብሮ ይቈጠር። ያላሰብነው ወጪ ሁሉ የሚወድቀው በአሳዳሪው ጎተራ ላይ ነውና።