እንደገና ጥቅም ላይ የሚውል አስፋልት ለገጠር መንገድ

እንደገና ጥቅም ላይ የሚውል አስፋልት ያረጀ የአስፋልት መንገድ ሲታደስ ተፍቆ ወይም ተቆፍሮ የሚነሣ፣ ከዚያም ተሰባብሮ ለሌላ መንገድ ሥራ የሚውል ቁስ ነው። አብዛኛው ጠጠርና አሸዋ ሲሆን፣ ከክብደቱ ብዙውን ጊዜ ከ4 እስከ 6 በመቶ የሚሆነው ያረጀ ሬንጅ ነው። ለገጠር መንገድ ተፈላጊ የሚያደርገውም ይህ ሬንጅ ነው፤ ጠጠሩን አያይዞ አቧራን ይቀንሳል፣ በጎርፍና በጎማም ቶሎ እንዳይበተን ይረዳል።

የገጠር መንገድ ችግር

የኢትዮጵያ መንገዶች ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2011 ለአነስተኛ ትራፊክ መንገዶች ባወጣው የንድፍ መመሪያ መሠረት፣ እንዲህ ያለው መንገድ በቀን እስከ 300 ገደማ ተሽከርካሪዎችን የሚያስተናግድ ነው። ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ ዩራፕ በሚል አጭር ስም የሚታወቀው ፕሮግራም ቀበሌዎችን ክረምት ከበጋ በሚያስኬድ መንገድ ለማገናኘት ተነሥቷል። መንገዶቹ በአብዛኛው የጠጠር ናቸው። የጠጠር መንገድ በየዓመቱ ከላዩ ስለሚታጠብና ስለሚበተን፣ በየጊዜው አዲስ ጠጠር ካልተጨመረበት መልሶ ጭቃ ይሆናል።

በአዊ ዞን

እንጅባራና ዳንግላ ከአዲስ አበባ በደብረ ማርቆስ በኩል ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው የአስፋልት መንገድ ላይ ይገኛሉ። ከዚህ መንገድ ወደ ውስጥ ያሉ ቀበሌዎች ድንች፣ እህልና ከዲከረንስ ዛፍ የሚከሰል ከሰል ለገበያ ያቀርባሉ። ክረምቱ ከባድ በመሆኑ መንገድ ሲቆረጥ ምርቱ ከገበያ፣ ሕመምተኛም ከሆስፒታል ይርቃል።

በአካባቢው ድንጋይ አይታጣም፤ የዘንገና ሐይቅ ራሱ የእሳተ ገሞራ ጉድጓድ ነው። ስለዚህ አሮጌ አስፋልት የሚፈለገው ለድንጋዩ ሳይሆን ለሬንጁ ነው። ሬንጅ ደግሞ ከውጭ አገር በውጭ ምንዛሪ የሚገባ ነው።

አሠራር

የተነሣው አስፋልት ተፈጭቶ በወንፊት ይለያል። ብቻውን ሲነጠፍ በሬንጅ የተሸፈኑት ጠጠሮች በጭነት ሥር ስለሚንሸራተቱ፣ ከአዲስ የተፈጨ ድንጋይ ጋር ይደባለቃል። ከዚያም በግሬደር ተነጥፎ፣ ውኃ ተጨምሮበት በሮለር ይጠቀጠቃል።

በቆላ የፀሐይ ሙቀት አሮጌውን ሬንጅ አለስልሶ ጠጠሩን እርስ በርሱ ሊያጣብቀው ይችላል። እንጅባራ ግን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,500 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ያለች ደጋ ናት፤ በእንዲህ ያለ ቦታ በሙቀቱ ብቻ መተማመን አይቻልም። ስለዚህ በውኃ የተበጠበጠ ሬንጅ ወይም ጥቂት ሲሚንቶ መጨመር ያስፈልጋል። ሥራው በበጋ ቢከናወን ይመረጣል።

ገደቦች

ቁሱ የውኃ ማፋሰሻን አይተካም። የጎን ቦይና የመንገድ ቱቦ ከሌለ ውኃ ከሥር ገብቶ መንገዱን ያፈርሳል። ከባድ የጭነት መኪና የሚበዛበት መንገድም ከላዩ ሌላ ንጣፍ ይፈልጋል።

አሮጌ አስፋልት የሚገኘው ዋናው መንገድ ሲታደስ ብቻ ነው። ሩቅ ከተጓጓዘ የመኪናው ወጪ የሬንጁን ጥቅም ይበላዋል። በመሆኑም የሚያዋጣው በቅድሚያ ከዋናው መንገድ ተገንጥለው ወደ ቅርብ ቀበሌዎች ለሚገቡ አጫጭር መንገዶች፣ በተለይም ለዳገቶችና ለጭቃማ ቦታዎች ነው።